አረጋዊ ወላጅ ቤት አላችሁ? «ግሉኮስ ይሰካላቸው» ከማለታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እዚህ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በምሠራበት ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የምሰማት ነገር አለች፦ «ዶክተር፣ እማዬ መብላት አቁማለች፤ በቃ ግሉኮስ ይሰካላት።» ይህን የሚሉኝ ልጆች ለወላጆቻቸው የሚጨነቁ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው፣ የባጃጅ ከፍለው የመጡ ናቸው። አንድ ነገር ሳይደረግላቸው መመለስ ይከብዳቸዋል። ይገባኛል።

ስለ ግሉኮሱ ቶሎ ልንገራችሁና ልለፍ። በተለምዶ የሚሰካው አንድ ሊትር 5 ፐርሰንት ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። የሚሰጠው ጉልበት ቢበዛ 200 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ይበልጠዋል። ፈሳሽ ላነሰው ሰው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሕይወት ያድናል፤ ያኔ እኛው እናዛለን። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ አረጋዊ ግን ያለምክንያት ሲሰጥ ሊጎዳ ይችላል። ሆድ ለባሰው ሰው ደግሞ ምንም አይሠራለትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። (ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ግን አንዳንድ ነገር ለውጬ ነው የምነግራችሁ፤ ስምም አልጠራም።) ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ አግኝቷቸው ቀኝ እጃቸው ደክሟል። ንግግራቸው ወደ ሦስት ቃል ወርዷል፦ «አዎ»፣ «አይ»፣ «እሺ»። የሚባለውን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል። መልሱ ነው የሚጠፋባቸው።

ግፊታቸውን ለካሁ፤ 130/80፣ በጣም ጥሩ። ስኳራቸው ደህና። ትኩሳት የለም። ደምና ሽንት ተመረመረ። ጥርሳቸውን አየሁ፣ መዋጥ ያስቸግራቸው እንደሆነ ጠየቅሁ፣ የሆድ ድርቀት ጠየቅሁ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት አንድ በአንድ አየሁ። አረጋዊ ምግብ ሲያቆም መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እነዚህ ናቸውና ልብ በሉ። ምንም አላገኘሁም።

ከዚያ ልጃቸውን «ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፉት?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አታደርግም ዶክተር። ምንም እንድትነካ አንፈልግም። ቲቪ እንከፍትላታለን፣ እዚያው ትቀመጣለች።»

«በፊትስ ምን ይሠሩ ነበር?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «ስፌት። እኛ ሰፈር የእሷ መሶብ የሌለበት ቤት የለም። ስትሮኩ ከመጣ በኋላ ስንደዶውንም አክርማውንም ለጎረቤት ሰጠነው። አይታው እንዳታዝን ብለን።»

እማማን ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ተማሪ ሆኜም፣ ኢንተርን ሆኜም ስትሮክ ያገኛቸውን ሰዎች ቤተሰብ ስንት ጊዜ «እረፍት ያድርጉ፣ ምንም አይሥሩ» ብዬ ሸኝቻለሁ። ለመናገር በጣም የሚቀል ምክር ነው። አስታማሚውም ደስ ይለዋል፤ ፍቅሩን የሚገልጥበት መንገድ ሰጠኸዋላ! ግን ስምንት ወር ሙሉ እጃቸውን አጣምረው የተቀመጡ ሰው እረፍት ላይ አይደሉም። ከቤቱ ሥራም፣ ከቤቱ ጨዋታም ወጥተዋል። ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይቀመጣሉ። ማንም ምንም አይጠይቃቸውም።

ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የድብርት ሕመም ይይዛቸዋል። እኛ አገር ደግሞ አረጋዊ «ደበረኝ» ብሎ አይመጣም። ምግብ ያቆማል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ «ራሴን፣ ወገቤን» ይላል። እማማም ድብርት ነበረባቸው። መድኃኒት በትንሽ መጠን ጀመርኩላቸው፣ ፊዚዮቴራፒ ላክኋቸው። ከዚያ ለልጃቸው «አክርማውን ከጎረቤት መልሱ» አልኳት። ማዘዣ ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም። ብጽፈው ፋርማሲስቱ ለአንድ ሳምንት መሳቂያ ያደርገኝ ነበር።

እንደ ፊልም ወዲያው ተሳካ እንዳልላችሁ። የመጀመሪያው ቀን መጥፎ ነበር። የተጀመረ ሰፌድና ወስፌ ጭናቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ቀኝ እጃቸው ወስፌውን መያዝ አልቻለም። በግራ እጃቸው ገፍተው ጣሉትና አለቀሱ። ልጅቷ ደውላ ስትነግረኝ እኔም ደነገጥኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «እንደ ድሮው ሥሪ» ብለን የጠፋውን እጅ ነው ያሳየናቸው።

መፍትሔው ከእኔ አልመጣም። ከልጅ ልጃቸው ነው የመጣው። ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም፣ ልጅቷ ሰልችቷታል። አጠገባቸው ቁጭ ብላ «እማማ፣ እኔን አሳዪኝ» አለቻቸው። ወስፌውን እሷ ያዘች፣ እሳቸው በግራ እጃቸው ቀለም መረጡ። ቀዩን ስታነሳ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አረንጓዴውን ስታነሳ «እሺ» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን ልጅቷ ዙሩን አጣማ ስትሰፋ እማማ ተቆጡና ጮክ ብለው «ፍቺው!» አሏት።

ከሦስቱ ቃላት ውጭ ቤተሰቡ ከሰማቸው የመጀመሪያው ግልጽ ቃል ይሄ ነበር። ልጃቸው ስትነግረኝ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ምግብ መብላት የጀመሩት በመድኃኒቱ ይሁን፣ በፊዚዮቴራፒው ይሁን፣ በስፌቱ ይሁን ለይቼ አላውቅም። ምናልባት በሁሉም። ቀኝ እጃቸው ዛሬም ደካማ ነው። ግፊታቸው የሚስተካከለው በክኒን ነው፤ ስፌት ግፊት አያወርድም። ግን ቤቱ ውስጥ የሚጦሩ ብቻ የነበሩት ሴት አስተማሪ ሆኑ። በእኔ ግምት ለውጡን ያመጣው የሥራው ዓይነት ሳይሆን ይሄ ነው። ሰው የሚሰጠው ነገር ሲኖረው፣ የሚሰጡትንም ይቀበላል።

ይሄን «ስሜት ነው፣ ሳይንስ አይደለም» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ጥበብ ለጤና ያለውን ሚና የሚመለከት ትልቅ ሪፖርት አውጥቷል። ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ያካተተ ነው። ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ሥዕል፣ የእጅ ሥራ፣ ተረት፣ ቲያትር፤ በሽታን ለመከላከልም፣ ከታመሙ በኋላ ለመደገፍም ይረዳሉ ይላል። ጥናቶቹ ሁሉም እኩል ጠንካራ አይደሉም። ስለዚህ ሁለት ልምረጥላችሁ።

አንደኛው የፊንላንድ ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ በቅርብ ጊዜ ስትሮክ ያገኛቸውን 60 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ራሱ የመረጠውን ሙዚቃ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ወር ሰማ። ሌላው የሚተረክ መጽሐፍ ሰማ። ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል፦ ሙዚቃ የሰሙት ቃላትን የማስታወስና ትኩረት የማድረግ ችሎታቸው ከሌሎቹ የተሻለ አገገመ፤ ከምንም ካልሰሙት ይልቅም ድብርታቸው ያነሰ ነበር። «ራሱ የመረጠውን» የምትለዋን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው የመርሳት በሽታ ላለባቸው ነው። ኮክሬን የሚባለው፣ ጥናቶችን ሰብስቦ በጥብቅ የሚመዝነው ተቋም፣ ሙዚቃን መሠረት ያደረገ እንክብካቤ ለእነዚህ ሰዎች የድብርት ስሜትን ሳይቀንስ አይቀርም ብሏል። የማሰብና የማስታወስ ችሎታን ግን ብዙም እንደማይለውጥ በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ «በመዝሙር የመርሳት በሽታ ይድናል» የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ካያችሁ እለፉት። አባታችሁ ስማችሁን ላያስታውሱ ይችላሉ፤ ከሰዓት በኋላቸው ግን ቀለል ሊልላቸው ይችላል። ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

መናገር ያቃተው ሰው ሲያዜም ቃል የሚወጣውስ ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ «አባባ ማውራት አይችሉም፣ ጸሎቱን ግን አብረውን ይላሉ፤ እያሾፉብን ነው እንዴ?» አይደለም! በአብዛኛው ሰው የመናገር ሥራ የሚከናወነው በግራው የአንጎል ክፍል ነው። ዜማ ግን ቀኙንም በደንብ ይጠቀማል። በዕድሜ ልክ ድግግሞሽ የተያዘ ነገር፣ ማለትም ጸሎት፣ መንዙማ፣ መዝሙር፣ ቁጥር፣ የልጅነት ዘፈን፣ ግራው ሲጎዳም ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ይህን በር ተጠቅመው ንግግር የሚያለማምዱበት የሕክምና ዘዴ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። እኛ ጋ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አብሮ ማዜም ትልቅ ዋጋ አለው።

ደግሞ ይሄ ነገር የፈረንጅ ፋሽን አይምሰላችሁ። እኛው አገር የተሠራ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ዶ/ር ካርሜላ አባተ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 መንታ ለወለዱ ድሃ ቤተሰቦች «ጌሚናይ» የሚባል የእርዳታ ድርጅት አቋቋሙ። ወተት፣ ሕክምና፣ ክትትል፤ ከሐኪም የምትጠብቁት ሁሉ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን ድርጅቱ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ አሠልጣኝ መጥቶ ጎዳና ላይ የሚውሉ ከመቶ በላይ ልጆችን አሠልጥኖ ትልቅ መድረክ ላይ አቆማቸው። ከእነሱ ውስጥ «አዱኛ» የሚባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ለዓመታት ሠለጠኑ፤ እነሱ ደግሞ በተራቸው በየሰፈሩ ሌሎች ልጆችን አሠለጠኑ። ከዚያ አካል ጉዳት ካለባቸው ወጣቶች ጋር አብረው የሚደንሱበት ቡድንም ተፈጠረ። በዊልቸር፣ በክራንች፣ መድረክ ላይ! ከአዱኛ ልጆች ሁለቱ፣ ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን በሚገኘው ታዋቂው ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር ሥራቸውን አሳይተዋል።

ሁሉም ልጅ ለንደን አይደርስም፣ መድረስም የለበትም። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። አንዲት የሕፃናት ሐኪም ያቋቋሙት ድርጅት፣ ምግብ ያስፈልገዋል የሚባልን ልጅ «የምታሳየን ነገር አለህ» ብሎ መነሳቱ።

ወደ እኛ ስንቀርብ፣ ይርጋለም ከሐዋሳ አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚያ የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። ዶ/ር ሬጂናልድና ዶ/ር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ የከፈቱት ሆስፒታል ቅርንጫፍ ነው። በወሊድ ምክንያት ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸው ሴቶች ለዓመታት ከሰው ተለይተው ይቆያሉ፤ ቀዶ ጥገናው ቀዳዳውን ይዘጋል፣ መገለሉን ግን አይዘጋም። ስለዚህ ከሕክምናው ጎን የእጅ ሥራም፣ ትምህርትም፣ ምክርም አለ። ሙሉ በሙሉ መዳን ላልቻሉት ደግሞ አዲስ አበባ አቅራቢያ «ደስታ መንደር» ተሠርቷል። ስሙን ብቻ እዩት።

እዚሁ ከተማችን ውስጥም ወላጆቻቸውን በኤች አይ ቪ ያጡ ልጆች «ዋን ላቭ» በሚባል የሰርከስ ቲያትር ቡድን ውስጥ ስለ ቫይረሱ ሕዝብ ያስተምሩ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ጣቱን ይቀስርባቸው የነበሩ ልጆች ናቸው።

ፍቼ ጫምባላላስ? እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ማለቴ ነው። ጉዱማሌ ሄዳችሁ ካያችሁ ቄጣላውን የሚመሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ወጣቱ ይከተላል። ቀኑን የሚቆጥሩት ኮከብ የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው፤ ምክሩም ምርቃቱም ከአዛውንት ነው። ቡሪሳሜው ቤት ውስጥ በጋራ ይበላል። በበዓሉ ቀን አረጋዊ ሰው ጥግ ላይ ቲቪ ተከፍቶለት አይቀመጥም። እኔ የምጠይቃችሁ በቀሩት ቀናትም እንዲሁ እንድታደርጉ ነው።

እሺ፣ ቤት ውስጥ እንዴት እንጀምር?

መጀመሪያ ጠይቁ። «ድሮ ምን ይወዱ ነበር?» ብላችሁ ራሳቸውን ጠይቁ፤ መናገር ካቃታቸው እህት ወንድሞቻቸውን፣ የድሮ ጓደኞቻቸውን። የፊንላንዱ ጥናት ላይ «ራሱ የመረጠውን» ያልኳችሁ ለዚህ ነው። እናንተ የምትወዱት ዘፈን ለእሳቸው ጩኸት ሊሆን ይችላል። አንዱ አባት ልጆቹ መዝሙር ሲከፍቱላቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ለካ የሚፈልጉት የወጣትነታቸውን የክራር ዘፈን ኖሯል። እናትየው እስክትሰማ ድረስ ማንም አልጠየቃቸውም።

ሁለተኛ፣ ተማሪ ሁኑ። «ይሥሩ» ሳይሆን «ያሳዩኝ» በሉ። ጥጥ መፍተል፣ ጥልፍ፣ ስፌት፣ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ቅኔ፣ የሠርግ ዘፈን፤ የሚያውቁት አንድ ነገር አይጠፋም። እጃቸው ካልሠራ ቀለም ይምረጡ፣ ስሕተት ያርሙ። ከፈቀዱ ተረታቸውን በስልካችሁ ቅረጹ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ቡና እየተፈላ ቢሆን ደግሞ ጥሩ፤ ሰው ስለሚሰበሰብ።

ልጅ አታድርጓቸው። የሕፃን የሥዕል ደብተር ገዝቶ «ቀለም ቀቡ» ማለት፣ እየተንተባተቡ ሲያዜሙ መሳቅ፣ ያለፈቃዳቸው ቀርፆ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ... እባካችሁ። ይሄ መጨረሻው በጣም እየበዛ ነው።

ወስፌ፣ መርፌ፣ መቀስ ስሜቱ በደነዘዘ እጅ አይያዝ። ስትሮክ ብቻ ሳይሆን ስኳር ያለባቸውም ሲወጉ ላይታወቃቸው ይችላል። የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ቲቪ ግራ ያጋባል፤ ሙዚቃ ሲከፈት ቲቪው ይጥፋ። አንድ ዘፈን አስለቅሷቸው ከሆነ አትደንግጡ፣ አጠገባቸው ሁኑ፤ ልቅሶ ሁሉ ጉዳት አይደለም። ደጋግሞ የሚያስጨንቃቸው ከሆነ ግን ተዉት።

የታዘዘ መድኃኒት በዚህ ምክንያት እንዳይቋረጥ። «አሁን ደስ ብሏታል» ተብሎ የግፊት ክኒን ያቆሙ እናት ሁለተኛ ስትሮክ ይዘው የመጡበትን ቀን አልረሳም።

እነዚህን ካያችሁ ደግሞ ጥበቡን ተዉትና ወደ ሕክምና ሩጡ። ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ሰዓቱን መዝግባችሁ ወዲያው ሆስፒታል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መደናገርና መቃዠት አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ችግር ወይም ሌላ ሕመም ነው፤ «እርጅና ነው» አትበሉት። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ዝምታ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ በተለይ «ሞት በወሰደኝ» ማለት ከጀመሩ ሐኪም ይያቸው። ለድብርት ሕክምና አለው፣ በአረጋውያንም ይሠራል።

ስለ አስታማሚዋም አንዲት ነገር። ልጅቷን የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ «አንቺስ?» ብላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ስምንት ወር ብቻዋን ነው የያዘችው። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ጎረቤቶች ስፌታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እማማ መሀል ተቀምጠው ያርማሉ፣ እሷ ገበያ ትሄዳለች ወይም ትተኛለች። በብዛት ትተኛለች አለችኝ።

የልጅ ልጅየው የመጀመሪያ ሙዳይ አሁን እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስክሪብቶ አስቀምጥበታለሁ። ክዳኑ በደንብ አይገጥምም። እማማ ሲሰጡኝ «አይ፣ አይ» እያሉ ክዳኑን በግራ ጣታቸው አሳዩኝ፤ የልጅቷን ጥፋት እንዳላውቅባቸው አልፈለጉም።

እናንተ ቤት ያሉት አረጋዊ ድሮ ምን ይሠሩ ነበር? ዛሬ ማታ ጠይቋቸውና ጻፉልኝ።